የተወተፈው ቫልቭ

የቦይለር ሠራተኛው በቤተሰቡ ዘንድ «ሟርተኛው» ነው የሚባለው። ስሙን ያወጣችለት ታላቅ እህቱ ናት።

አዲሱን ቤቷን ጨርሳ «ቦይለር ግጠምልኝ» ብላ ስትጠራው፣ መጀመሪያ የግቢውን ቧንቧ አየ። አፉ ላይ የጋገረውን ነጭ ነገር በጥፍሩ ፋቀና፣ «እትዬ፣ ውሃው ኖራ ይበዛዋል። ደግሞ ሁለት ቀን ጠፍቶ ሲመጣ ቧንቧ ሊነቅል ምንም አይቀረውም። በቀጥታ ከመስመሩ ጋር አላገናኘውም። ጣሪያ ላይ ታንከር፣ ከሥሩ ማጣሪያ ይግባለት። አለዚያ ሰው ይጎዳል» አላት።

«ገና ሳልገባበት ታሟርትብኛለህ? ቤት ብሠራ ዓይንህ ቀላ አይደል?»

በማግስቱ «ፈጣኑ» የሚሉትን ሌላ ገጣሚ አመጣች። ሰውዬው ግማሽ ቀን ሳይሞላው ሰቅሎት ሄደ። ሳምንት ሳይቆይ፣ ግፊት ሲበዛ ውሃውን የሚያስተነፍሰው ትንሹ ቫልቭ አዲሱ ሴራሚክ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። ደወለችለት። ፈጣኑ መጥቶ የቫልቩን አፍ በብሎን ወተፈው። «እጅህ ይባረክ» ብላ ሸኘችው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከእህቱ ጋር የምትኖረው እናታቸው ፊቷን ልትታጠብ መታጠቢያ ቤት በገባችበት ቦይለሩ ፈነዳ።

ሟርተኛው ሲደርስ እናቱ ሆስፒታል ተወስዳለች። መብራቱን አጠፋ፣ ውሃውን ዘጋ። ከፍርስራሹ መሃል ቫልቩን አገኘው፤ ብሎኑ እንደተወተፈ ነው። ሆስፒታል ድረስ ይዞት ሄደና ለእህቱ አሳያት። ዞር ብላም አላየችው።

«ያኔ በአፍህ ጠርተኸው ነው!» አለችው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ወደ እናቱ ዞረ። ቀኝ ክንዷና አንገቷ በፋሻ ተጠቅልሏል። አንዲት ቃል ትናገርልኛለች ብሎ ጠበቀ።

«ምናለ ያኔ ዝም ብትል ኖሮ፣ ልጄ?» አለችው።

ቅስሙ ስብር አለ። ቫልቩን ኪሱ ከትቶ ወጣ።

አዲሱን ቦይለር ግን የገጠመው እሱ ነው፤ ታንከሩንም፣ ማጣሪያውንም። እህቱ የፈቀደችለት አንድም ቃል ላይተነፍስ አስምላው ነው። ስለዚህ ውስጡ በየስድስት ወሩ መጠረግ እንዳለበት አልነገራትም።

ጊዜው ሲደርስ መፍቻዎቹን በፎጣ ጠቅልሎ ይመጣል። «እማዬን ልጠይቅ ብዬ ነው፤ በዚያው ገላዬን ልለቃለቅ» ይላል። በሩን ከውስጥ ቆልፎ፣ የቦይለሩን ማሞቂያ አውርዶ፣ ተንበርክኮ ኖራውን ሲፍቅ ሁለት ሰዓት ይቆያል። እህቱ ከበሩ ወዲያ ለእናታቸው ስታማው ይሰማታል።

«የሰው ቤት ሙቅ ውሃ ሲያይ እኮ አይጠግብም! ጨረሰብን!»

እናታቸውም ትስቅላታለች።