ከጆሮ በላይ ያለው ኖይዝ

የሄራን የመጀመሪያ አልበም እንዲወጣ የቤተ ክርስቲያኗ የመዝሙር ኮሚቴ ሰምቶ ማጽደቅ ነበረበት። ኮሚቴው ያላጸደቀውን መዝሙር የትኛውም አጥቢያ አያጫውተውም። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ውስጥ፣ ከቀረጸላት ከማርቆስ ጎን፣ ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው ተቀምጣለች።

መዝሙሩ ጥርት ብሎ ተሰማ። እህት ገበያነሽ እንባዋን ጠረገች። ሰብሳቢው ጋሽ ደረሰ ሳይቀሩ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ እሳቸው ደግሞ ዓይናቸውን የሚጨፍኑት ለጸሎትና ለዓመታዊ ሪፖርት ብቻ ነው።

«እንዲህ የጠራው በምን ሆነ?» ብለው ማርቆስን ጠየቁት፣ ለጨዋነት ያህል።

ማርቆስ ፒያሳ ስቱዲዮ ከከፈተ ጀምሮ ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም።

«ዲጂታል መቅረጫ ሁሉ ሽሽ የሚል ኖይዝ አለው፣ ጋሼ። የኔው አዲሱ ግን ኖይዙን ወደ ላይ፣ እጅግ ወደ ቀጠነው ድምፅ ይገፋዋል። የሰው ጆሮ ወደማይደርስበት።»

«ያጠፋዋል ማለትህ ነው?»

«ማጥፋት እንኳ አይደለም። እንዲያውም በጠቅላላው ይበዛል። ግን አይሰማም።»

ሄራን እግሩን ረገጠችው። አልገባውም።

«ታዲያ አሁንም መዝሙሩ ውስጥ አለ?»

«አለ። ምናልባት የሌሊት ወፍ ትሰማው ይሆናል።»

«የሌሊት ወፍ ከሰማችው» አሉ ጋሽ ደረሰ በዝግታ፣ «እግዚአብሔርስ?»

ማርቆስ የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ነው፤ ለዚህ ጥያቄ ግን አንድም ኮርስ አልወሰደም።

ከዚያ የተደረገው ውይይት እጅግ ጥልቅ ነበር። እህት ገበያነሽ እንባዋን የጠረገችበትን ሶፍት ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ፣ «እኛ ዘንድ ጥርት ብሎ፣ እሱ ዘንድ ሽሽ ሲል ሊኖር ነው?» አለች።

«ፊልተር አለ፤ ከላይ ያለውን ይቆርጠዋል» አለ ማርቆስ።

«ሁሉንም?»

«አብዛኛውን» አለ። ሐቀኛ ልጅ ነው። አልበሙም በዚህችው ቃል ወደቀ።

ሄራን ዓመታት የደከመችበት ሥራ ማንም ባልሰማው ድምፅ ምክንያት ሲወድቅ አይታ ስልኳን አወጣች። «ሌላም ቅጂ አለኝ» አለች። አዲስ ከተማ ጓደኛዋ ቤት ሲለማመዱ የቀዳችው ነው። ባጃጅ ጥሩንባ ይነፋል፤ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ይወርዳል፤ መሃል ላይ አንድ ሰው በሲዳምኛ በሩን ዝጉ ይላል። ከዚህ ሁሉ ስር ሄራን አልፎ አልፎ ትዘምራለች።

ኮሚቴው እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጠ።

«የተደበቀ ነገር አለበት?» አሉ ጋሽ ደረሰ።

«የለበትም፣ ጋሼ። ያለው ሁሉ ይሰማል።»

ያለ ምንም ተቃውሞ ጸደቀ።

«ባጃጁን እንኳ ላጽዳው» ብሎ ለመነ ማርቆስ።

«አይሆንም» አሉት፤ «ወዴት እንደምትገፋው ማን ያውቃል?»

ማርቆስ ሊያስረዳቸው አፉን ከፈተ። ሄራን ክንዱን ይዛ፣ እያመሰገነችና ጎንበስ እያለች፣ ወደ በሩ ጎተተችው።