ብስል ቀይ

እናቴ ያልተስማማትን ቀለም ታጥበዋለች። ቁመቷ አውራ ጣት ያህላል፤ አባዬ ቆርቆሮ አቅልጦ፣ የሸክላ ፎርማ ውስጥ አፍስሶ ነው የሠራት። ቀብቶ መስኮቱ ላይ ያቆማታል። ጠዋት ስንነሳ አባዬ ጢሙን የሚላጭበት ሳህን ዳር ላይ ቆርቆሮዋ ብቻ ቀርቶ ተቀምጣ እናገኛታለን፤ የሳህኑ ውሃ ቡናማ ሆኗል። የዘይት ቀለም በውሃ አይለቅም። ለእሷ ይለቃል።

ከሞተች ቆይታለች፤ ያኔ እኔ ጡት አልጣልኩም ነበር። ያለን አንድ ፎቶ ነው፤ እሱም ጥቁርና ነጭ። ፎቶው ላይ ሁላችንም ግራጫ ነን፣ ከኋላችን ያለው አበባ ሳይቀር። ስለዚህ የእናቴን የመልክ ቀለም አላውቀውም። «ፊትሽን ስታጥብሽ ድሬዳዋን በጩኸት ታናውጪው ነበር» ይለኛል አባዬ። እሱንም አላስታውሰውም።

የሰፈሩ ሰው ግን ሁሉም አውቃለሁ ባይ ነው። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩወርቅ «ጠይም ናት እንጂ፣ ምን ነካችሁ!» አሉ። አባዬ ጠይም ቀባት፤ አጠበችው። ልብስ ሰፊው መሐመድዚን «የቀይ ዳማ ነበረች» አለ። ይሄኛው ሳያናድዳት አልቀረም፤ ውሃው መጋረጃው ድረስ ተረጭቶ ነበር።

«ብስል ቀይ ናት» አለ አባዬ። «ዓይኔ ያውቀዋል፤ እጄ ነው ያጣው።»

አባዬን የማደንቀው እዚህ ላይ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን መልሶ ያቀልጣት ነበር። እሱ ግን ቢጫውን ትንሽ ይቀንሳል፣ ቀዩን በስንጥር ጫፍ ይጨምራል፣ አንድ እጅ ቀብቶ እስኪደርቅ ይጠብቃል፣ ከዚያ ሁለተኛ እጅ። ከዓመት ዓመት ቀለሙ እየጠራ መጣ። መጀመሪያ ሸክላ ይመስል ነበር፤ በኋላ ሥጋ መሰለ፤ ኋላ ደግሞ ከሥጋው ሥር ደም ያለ መሰለ። ሁሉንም አጠበችው። እሷንም አደንቃታለሁ፤ መልኩን እንዲህ የሚጠብቅ ሰው አላየሁም።

እትዬ ጥሩወርቅ «ቀስ በቀስ እንቁላልም በእግሩ ይሄዳል» እያሉ ያጽናኑናል። እንቁላሉን እንጃ፤ ቆርቆሮዋ ግን ትሄዳለች።

ከዚያ አባዬን ሞራ ጋረደው። መጀመሪያ የቀኝ ዓይኑን፣ ቀጥሎ ግራውን።

«ምንታምር» አለኝ፣ «ብሩሹን አንቺ ያዢ። አንዴ ልያትና ከዚያ ይጨልም።»

እንዳለኝ በጥብጬ ቀባኋት። አጠበችው።

«አባዬ፣ ይሄ የስንት ዓመት ሴት ቀለም ነው?»

«የፎቶዋ ነዋ። ልጅ እግር ነበረች።»

«አሁን ብትኖርስ?»

«አሁንማ ልጅ አሳድጋ፣ የድሬን ፀሐይ ጠግባ... በስላ ነበር» አለ።

«ማድያት ይወጣባት ነበር?»

«እናቷ ነበረባት። አይቀርላትም።»

መስታወት ፊት ቆምኩ። ማድያት ከእኔ ጉንጭ በላይ የሚታወቅበት ቦታ የለም፤ እትዬ ጥሩወርቅ ባዩኝ ቁጥር ያነሱብኛል። ቀለሙን ትንሽ አጠቆርኩት። ጉንጮቿ ላይ በአንዲት የብሩሽ ፀጉር ማድያቱን ጣል ጣል አደረግኩ። ፀጉሯ ላይ ሽበት ጨመርኩ። ቀሚሷን አባዬ እንደሚቀባው ሰማያዊ ቀባሁት።

ጠዋት የሳህኑ ውሃ ንጹህ ነበር። እሷ መስኮቱ ላይ፣ ከነቀለሟ ቆማለች።

አባዬ መዳፉ ላይ አድርጎ አፍንጫው ጋ እስክትደርስ አቀረባት። ብዙ ጊዜ አያት።

«አሰለፈች» ብሎ በስሟ ጠራት። «አረጀሽ እኮ።»

ይስቃል፣ ያለቅሳል። እኔም አለቀስኩ። እናቴ ቆንጆ ነበረች፤ አሁን አየኋት።

ከመዳፉ ወርዳ ወደ ሳህኑ ሄደች። ልታጥበው ነው ብዬ ደነገጥኩ። እጆቿን ውሃው ውስጥ ነከረች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፤ እኔው የቀባሁትን ሰማያዊ እጅጌዋን ጠቀለለች።

«ጎንበስ በይላት» አለ አባዬ።

ጎንበስ አልኩ። እጇ ቀዝቃዛ ነው። ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ ከጆሮዬ ኋላ ጭምር አጠበችኝ። አልጮኽኩም።

ስትለቀኝ ወደ ሳህኑ አየሁ። ውሃው ቡናማ ሆኗል። የእሷ ቀለም አልተነካም፤ የለቀቀው የእኔ ነው።