ሦስት ሚሊሜትር ከተረከዝ

«የቅዳሜው ጨዋታ የመጨረሻዬ ነው» አለች ሄሊ፣ ከሥሩ ስለት ያለውን የበረዶ ሆኪ ጫማዋን ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠች። «ጉልበቴ አርጅቷል አባዬ።»

ታውኖ የሚሽከረከረውን የመሞረጃ ድንጋይ አጠፋ። ልጁ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ጠዋት ጠዋት በትልቅ መኪና ከካያኒ ከተማ መንገዶች ላይ በረዶ ትጠርጋለች፤ አመሻሽ ላይ ለከተማዋ የሴቶች ቡድን ትጫወታለች። እሱ ደግሞ በበረዶ ሜዳው ጥግ ባለችው ጠባብ ክፍል የቡድኑን ጫማዎች ስለት ሲሞርድ አርባ ዓመት ሊሞላው ነው።

«ማነው አርጅቷል ያለሽ?»

«ሰዓቱ ነዋ! ትናንት ኪርሲ ከቆምንበት አስነስታ አስር አስር ሜትር አስሮጠችን። ከመጨረሻ ሁለተኛ ወጣሁ። ከእኔ ኋላ የቀረችው ማን እንደሆነች ታውቃለህ? በረኛዋ!»

አሰልጣኟ ኪርሲ ነገር አታለዝብም። ሄሊ ቅዳሜ ካልፈጠነች ለማጣሪያው ውድድር እንደማትወስዳት ቁርጡን ነግራታለች። ሄሊም ተባራ ከምትወጣ ራሷ ብትወጣ ይሻላል ብላ ወስናለች። ይህን ተናግራ ልብሷን ልትቀይር ሄደች።

ታውኖ በገነ። ለኪርሲ የሚመልሰው ነገር ፈለገ። ቢያንስ ጫማው እንከን እንደሌለበት ለማሳየት ብሎ ከመሳቢያው ያንኑ ቁጥር አዲስ ስለት አወጣና ከልጁ ስለት ጎን ለጎን አቆመው። ለክቶ አያውቅም ነበር፤ እጄ ያውቃል ባይ ነው። ሁለቱ ስለቶች በጣት በኩል እኩል ሆኑ። በተረከዝ በኩል ግን የሄሊ ስለት ሦስት ሚሊሜትር ዝቅ አለ። የግራውን አነሳ፤ ያው ነው።

ቀኝ ትከሻውን ቀዶ ጥገና ከተደረገ ሦስት ክረምት አልፎታል። ከዚያ ወዲህ ስለቱን ገፍቶ ገፍቶ ተረከዙ ጋ ሲደርስ ትከሻው ይደክምና ሳያውቀው ይጫነዋል። በአንድ ጊዜ የሚበላው የፀጉር ያህል ነው። የሌሎቹን ጫማ በየሁለት ሳምንቱ ነው የሚሞርደው፤ የልጁን ግን ከፍቅሩ ብዛት ከእያንዳንዱ ልምምድ በፊት ይሞርድላታል። ልጅቱ ሦስት ዓመት ሙሉ ወደ ኋላ ተንጋልላ፣ ሜዳ ላይ ዳገት ስትወጣ ኖራለች። ታውኖ ክፉኛ አፈረ።

መጀመሪያ የመጣለት ሐሳብ በድብቅ ማስተካከል ነበር። ብሎኖቹን ፈትቶ ከተረከዙ ሥር ስስ ንጣፍ መክተት የአስር ደቂቃ ሥራ ነው። ግን ወደ ኋላ መደገፍ የለመደ ሰው ሳይነገረው ወደ ፊት ከተዘነበለ በአፍንጫው ነው የሚተከለው። ሳይናገሩ የሚሆን ነገር አልነበረም።

«ሄሊ፣ ነይ እስቲ።»

ሁለቱን ስለቶች አሳያት። እሷም ተረከዙን በጣቷ ዳሰሰች።

«ሦስት ዓመት?»

«ሦስት ዓመት። ያንቺ ጉልበት አይደለም፤ የኔ ትከሻ ነው።»

«የጉልበት ቅባት ገዝተህልኝ ነበር እኮ!»

«ሁለቴ» አለ ታውኖ አንገቱን ደፍቶ።

ሄሊ ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ደግሞ ንዴቷ መጣ። «ማሽኑን ቀይር፣ አዲሱ ራሱ ይለካል እያልኩ ስንቴ ለመንኩህ? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ!»

«ልክ ነሽ።»

ይህን ቃል ከአባቷ አፍ ሰምታ አታውቅም ነበር። ከዚያ ቀስ ብላ «በጨዋታ ሳምንት ጫማ አይነካም የምትለው አንተ ነህ» አለችው።

«ነኝ። ቅዳሜ ብትወድቂ ጥፋቱ የኔ፣ ምርጫው ግን ያንቺ ነው።»

ሄሊ ጫማውን አየችው፤ እሱንም አየችው። «ከፍ አድርገው።»

ሜዳው ላይ በወጣች በሦስተኛው እርምጃ በደረቷ ተዘረጋች።

«ሄሊዬ፣ ዳዴ ጀመርሽ እንዴ?» አለች በረኛዋ። ቡድኑ በሳቅ ፈረሰ።

ሁለተኛም ወደቀች። ታውኖ ሜዳውን ከከበበው መስታወት ጀርባ ሆኖ እጁን ጨብጦ ያያል። ቀስ በቀስ ግን ጉልበቷ መታጠፊያውን አገኘ፤ ክብደቷ ተረከዟን ለቆ ወደ ጣቶቿ ሄደ። ኪርሲ ፊሽካ ስትነፋ የበረዶ ፍርፋሪ ከሥሯ ተበተነ፤ ዘንድሮ አዲስ ጫማ ገዝታ ቡድኑን የተቀላቀለችውን የአሥራ ዘጠኝ ዓመቷን ሳናን ቀድማ በረዶው ላይ የተሰመረው ሰማያዊ መስመር ጋ ደረሰች። ኪርሲ የተበላሸ መስሏት የያዘችውን ሰዓት ነቀነቀችው።

ሄሊ እያለከለከች ክፍሉ ድረስ መጣች። «አባዬ፣ ይገፋኛል! እመን ጫማው ራሱ ወደ ፊት ይገፋኛል!» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ለማንም እንዳትናገር፤ ከተማው ሁሉ ነው የሚስቅብህ። ከቅዳሜ በኋላ እንነግራቸዋለን።»

ታውኖ በደስታ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ቢሆንም ከልጁ ትከሻ በላይ ሜዳውን እያየ ነበር። ቡድኑ ዘንድሮ ሰባት ጨዋታ ተሸንፏል፤ ኪርሲም ፍጥነት የላችሁም እያለች ክረምቱን ሙሉ ደረጃ ስታስሮጣቸው ከርማለች። ከሳና በቀር ሁሉም ጫማ ያለፈው በዚያ ትከሻ ሥር ነው።

«የነሱንም ጫማ ትከሻዬ በልቶታል» አለ። «እንዳንቺ ባይሆንም በልቶታል። ከነገርኳቸው ግን የዛሬው ብልጫሽ አብሮ ይሄዳል።»

ሄሊ ዞር ብላ በረዶው ላይ የሚያቃስቱትን ጓደኞቿን አየች። ከንፈሯን ነከሰች። ለማጣሪያው መሄድ እንዴት እንደምትፈልግ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

«በስንት ደቂቃ አስተካከልከው የኔን?»

«በአስር።»

«በጨዋታ ሳምንት!» አለችና ጓንቷን አውልቃ ወረወረች። «ያረጀው ጉልበቴ አለመሆኑን አሁን አውቄዋለሁ። ቅዳሜ እኩል ሆነን እንሩጥ። በል ጥራቸው።»

ታውኖ የሜዳውን ማይክ አነሳ። ጉሮሮውን ሲጠርግ ድምፁ በአዳራሹ ሁሉ አስተጋባ።

«ታውኖ ነኝ። ጫማችሁን አውልቁና ወደኔ ይዛችሁ ኑ፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ሄሊ የብሎን መፍቻውን ይዛ ከጎኑ ተቀመጠች።