የሹፌሩ ትኩሳት

ሐኪሙ የሁለቱንም በሽተኞች ውጤት የተናገረው በአንድ ማለዳ ነበር። መጀመሪያ ሹፌሩና ሚስቱ ገቡ፤ ሲወጡ ሚስትየው መሬት የረገጠች አትመስልም ነበር። ቀጥሎ ልብስ ሰፊዋና አናጺው ባሏ ገቡ። ሐኪሙ የሲቲ ስካኑን ምስል ወደ እነሱ አዙሮ በእስክሪብቶው ጫፍ አሳያቸው። የአናጺው እጢ በኬሞው ትንሽ ሟሽሿል፤ ግን ትልቁን የደም ሥር አሁንም እንዳቀፈ ነው። እሱን እስኪለቅ ድረስ ኦፕራሲዮን አይታሰብም። ኬሞው ይቀጥላል፣ ከዚያ እንደገና ይታያል።

አናጺው የጎረቤቱ ውጤት እንዴት እንደሆነ ጠየቀ። ሐኪሙ የሌላ ሰው ጉዳይ እንደማይናገር ገለጸለት። መናገርም አላስፈለገውም፤ የሹፌሩ ሳቅ በሩን አልፎ ይሰማ ነበር።

ሁለቱ ሰዎች ጎረቤት የሆኑት በሰፈር ሳይሆን በወንበር ነው። ኬሞ የሚሰጥበት ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ መድኃኒቱ ጠብ ጠብ እያለ ወደ ደማቸው ሲገባ ነው የተዋወቁት። የያዛቸው የቆሽት ካንሰር ተራው ዓይነት አይደለም፤ ሐኪሙ ራሱ በሥራ ዘመኑ ብዙ አላየም። ሹፌሩ ይህን ሲሰማ፣ ሎተሪ ሲቆርጥ ኖሮ የወጣለት ይኸው ብቻ መሆኑን ተናግሮ ክፍሉን በሙሉ አስቆ ነበር። ሚስቱን የሚያስቀይማት ሌላ ቀልድም አለው፤ «ዕድሜ ልኳን ቆሽቴን ስታሳርረው ኖራ፣ አሁን ምን ነካው ብላ ታለቅሳለች» ይላል።

ሴቶቹም ተላመዱ። የሹፌሩ ሚስት በዕድሜ ስለምትበልጥ ልብስ ሰፊዋ «እትዬ» ትላታለች። አንዷ ወጣ ስትል ሌላዋ ሁለቱንም በሽተኞች ትጠብቃለች፤ ከሁለቱ አንዱን ሊያስመልሰው ሲል ሳህን የምታቀብለው ቀድማ የደረሰችው ናት። ያኔ ሁለቱም ቤት እኩል ጨለማ ስለነበር መዋደድ ቀላል ነበር።

ሹፌሩ ለኦፕራሲዮን ከተቀጠረበት ከዚያ ማለዳ ወዲህ ግን ልብስ ሰፊዋ የሹፌሩን አንገት ታያለች፤ ሥጋ የያዘ ይመስላታል። ሲበላ በዓይኗ ትከተለዋለች። ወዲያው ወደ ባሏ ትዞርና ጉንጩ የገባበትን ታያለች። መድኃኒቱ አንድ፣ ሲስተሯ አንድ፣ ቀኑ አንድ፤ ታዲያ እኛ ምን አጠፋን ትላለች በሆዷ። ባሏ ደግሞ ሹፌሩን አቅፎ «እንኳን ደስ አለህ» ሲለው የራሱ ጉዳይ የተሳካለት ይመስል ነበር። ከሹፌሩ ይልቅ በእሱ ተናደደች።

ይባስ ብሎ እትዬ ፒጃማ አዘዘቻት። ለኦፕራሲዮኑ የሚሆን፣ ከፊት ሙሉ በሙሉ የሚከፈት፣ የወገቡ ላስቲክ ቁስል የማይጫን። ሌላ ሰው እንዲሰፋው እንደማትፈልግ ነገረቻት። እምቢ የምትልበት ምክንያት አላገኘችም። የስፌት መኪናዋ ላይ ቁጭ ብላ፣ ይህን ልብስ ለማን መስፋት እንደነበረባት እያሰበች ክሩ ይበጠስባት ነበር።

ሹፌሩ ሆስፒታል ሊተኛ አንድ ቀን ሲቀረው ልታስለካው ቤታቸው ሄደች። እትዬ በሩን ከፍታ አስገባቻትና ቶሎ ዘጋችው። ሹፌሩ ብርድ ልብስ ተከናንቦ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል።

«ኪስም አውጪለት» አላት፤ «የሚቆርጡልኝን እዚያው ይዤው እመጣለሁ።»

ጥርሱ ግን ይንገጫገጭ ነበር። ኮሌታውን ልታስተካክል እጇ አንገቱን ሲነካው ደነገጠች፤ እንደ ካውያ ይፋጃል። የዓይኑ ነጭም ቢጫ ጣል አድርጎበታል።

እትዬ ክንዷን ይዛ ወደ ወጥ ቤት ወሰደቻት። ከትናንት ጀምሮ ነው አለች፤ ፓራሲታሞል ስትሰጠው ይለቀዋል፣ ቆይቶ ይመለሳል። ነገም ሰጥታው ትወስደዋለች፣ ሲለኩት አይታይም። ትኩሳት ካዩበት ቀጠሮውን ይሰርዙታል፤ ሌላ ቀጠሮ መቼ እንደሚገኝ ማን ያውቃል፤ እጢውስ እስከዚያ ባለበት ይጠብቃቸዋል?

«በሞቴ፣ ለማንም እንዳትተነፍሺ» አለቻት። «ከማንም በላይ አንቺ ይገባሻል።»

አልናገርም ብላ ወጣች። ጥቂት እንደተራመደች ሲስተሯ ለሁለቱም ቤተሰብ ደጋግማ ያለችው ትዝ አላት፤ ትኩሳት ከመጣ ማስታገሻ ሰጥታችሁ አትደብቁት፣ ወዲያው ደውሉ። የሹፌሩ የሐሞት መስመር ውስጥ ቀጭን ቱቦ ገብቷል፤ እሱ ከተዘጋ አደጋ እንደሆነም ሰምታለች። ይህ ሁሉ ግን የመጣው ዘግይቶ ነው። ከፍርሃቱ ቀድሞ የመጣው ደስታ ነበር። ቀጠሮው ይሰረዝ ይሆናል። ደስታው ከየት እንደወጣ ሳታውቀው ፊቷ ላይ ሲሞቃት አንድ የግቢ አጥር ተደግፋ ቆመች።

እንግዲህ ብትናገር የሚናገረው ይኸው ደስታ ነው። ዝም ካለች ቢያንስ ምቀኛ አትሆንም። መንገዱን ሙሉ ለራሷ እንዲህ እያለች ቤቷ ደረሰች።

አናጺው ደጅ ላይ ተቀምጦ ያላለቀ የኩርሲ እግር በአሸዋ ወረቀት ይፈትግ ነበር። ያየችውን ነገረችው። እጁን አቆመና ለሲስተሯ ደውላ እንደሆነ ጠየቃት።

«እንዴት ብዬ?» አለች። «አፌን ስከፍት የሚወጣው ቅናቴ ነው። ሆዴ ውስጥ ያለውን አታውቀውም።»

«አውቀዋለሁ። እኔም ቀንቻለሁ እኮ።»

ቀና ብላ አየችው።

«ያን ቀን ሳቅፈው ጎድኑን ልሰብረው ምንም አልቀረኝም» አለ። «ታዲያ ቅናታችን እስኪወጣልን ሰውየው እየነደደ ይጠብቀን? ቀንተሽም ቢሆን ደውዪ።»

ደወለች። ቸኩላ ስለተናገረች ሲስተሯ ሁለቴ አስደገመቻት። በዚያው ከሰዓት በኋላ ሹፌሩን ከቤቱ አስጠርተው አስተኙት። ቱቦው ተዘግቶ ኖሯል፤ ኢንፌክሽኑ ወደ ደሙ መግባት ጀምሯል። ቱቦውን ቀየሩለት፣ አንቲባዮቲክ ተጀመረለት፤ ኦፕራሲዮኑ ተላለፈ።

ከሳምንት በኋላ ለባሏ ኬሞ ሲመጡ እትዬን ኮሪደሩ ላይ አገኘቻት። አናጺው ሰላም ብሏት ቀድሞ ገባ። የእትዬ ዓይን አብጧል።

«ነገርሽ» አለቻት።

«ነገርኩ።»

«ቀንተሽ ነው አይደል?»

ልብስ ሰፊዋ ለዚህ ያዘጋጀችው መልስ ነበራት፤ ለሱ ብዬ ነው፣ ሲስተሯ ያለችውን አስታውሼ ነው። ውሸትም አልነበረም። እትዬ ፊት ግን ተወችው።

«አዎ እትዬ። ቀንቼ ነው። ፈርቼም ነው።»

እትዬ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጠች። በዚያ ሁኔታ ቢከፍቱት ኖሮ ከጠረጴዛው እንደማይነሣ ሐኪሙ ነግሯታል፤ ይህን የተናገረችው ሳትወድ በግዷ ነው።

«ስለዚህ ልረግምሽ አልችልም» አለች። «ልመርቅሽም አፌ አልታዘዝ አለኝ። ለጊዜው ዓይኔ ላይ አትቁሚ።»

ዞር አለችላት። ኬሞ ክፍል በር ላይ ሲስተሯ ስታገኛት የሹፌሩ ትኩሳት እንደወረደ፣ መብላት እንደጀመረ፣ ለሚቀጥለው ወር አዲስ ቀጠሮ እንደተያዘለት ነገረቻት። ልብስ ሰፊዋ ደስ አላት፤ እውነተኛ ደስታ ነበር። ወንበሩ ጋ እስክትደርስ ግን ያው የምታውቀው ቅናት ቆንጠጥ አደረጋት።

አናጺው መርፌው ተሰክቶለት ይጠብቃት ነበር። ስለ ጎረቤቱ ጠየቃት፣ የሰማችውን ነገረችው።

«እሰይ» አለ። ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ «ቀናሽ?»

«ቀናሁ። አንተስ?»

መርፌው የተሰካበትን እጁን እንዳያንቀሳቅስ ተጠንቅቆ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።