ዝሆን የሚያካክሉ ፊደላት

ልጄ ራሷ የደረሰቻቸውን ዘፈኖች ይዛ፣ በጊታር ብቻዋን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ የወጣችው እሁድ ከሰዓት በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ነው። ሰው ከወደደላት በየሳምንቱ እንድትዘፍን ኃላፊው ቃል ገብቶላታል። እኔ ልቤ ተሰቅሎ ከፊት ተቀምጫለሁ፤ ጭኔ ላይ የጎልማሶች ትምህርት ደብተሬ አለ። ጽሕፈት የምለማመደው የእሷን ግጥሞች እየገለበጥኩ ሲሆን አንዱ ስንኝ አንድ ገጽ ይሞላል።

«እማ፣ ይኼ ፊደል ነው ዝሆን?» እያለች ትስቅብኛለች።

ሁለተኛውን ዘፈን አጋምሳ ግጥሙ ጠፋባት። ጣቶቿ ጊታሩን ይመታሉ፣ ዓይኗ ግን እኔን ይፈልጋል። ከእሷና ከመምህሬ በቀር ለማንም አሳይቼው የማላውቀውን ደብተር ገልጬ፣ እፍረቴን ዋጥ አድርጌ ብድግ አልኩና ከራሴ በላይ አነሳሁት።

ከመድረኩ ሆና አነበበችው። ሳቋ አምልጧት ቀጠለች፤ እኔም እስከ መጨረሻው ስንኝ ድረስ ገጹን እያገላበጥኩላት ቆምኩ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

«ዝሆኖቹን የጻፈችው እናቴ ናት!» አለች በማይክራፎኑ። ደብተሬን ወደ ሕዝቡ አዞርኩት።

ኃላፊው እየሳቀ መጣ። «የሚቀጥለው እሁድ እናትሽንም ከነደብተራቸው ይዘሻቸው ነይ» አላት።