አራተኛው ትከሻ

ወሳንሳው ለሁለተኛ ጊዜ ተነሣ፤ ለሁለተኛ ጊዜም አጋደለ። የከሰል ቆፋሪዎች ጠባቂ የሆነችው የቅድስት ባርባራ ሐውልት ከነዘውዷ ወደ ፊት ስታዘነብል ሙዚቀኞቹ መለከታቸውን ከአፋቸው አወረዱ።

"አስቀምጡ፣ አስቀምጡ" አሉ ሽማግሌው አሎይዝ። "ይህ ልጅ ይቅርብን። እሱ ዝግባ፣ እኛ ቁጥቋጦ። እንዲህ ይዘናት ከወጣን ደረጃው ላይ በአፍ ጢሟ ትደፋለች።"

ረጅሙ ወጣት ጆሮው ቀልቶ ከወሳንሳው ሥር ወጣ። የቀሩት ተሸካሚዎች አሎይዝን ጨምሮ ሦስት ጡረተኞች ናቸው። በወጣትነታቸውም ረጅም አልነበሩም፣ ዕድሜ ደግሞ ይበልጥ አሳጥሯቸዋል። አራተኛው ሩፊን ነበር። ሩፊን ባለፈው ነሐሴ ሞተ፤ ዕድሜ ልኩን የዋጠው የከሰል አቧራ ሳንባውን በልቶት።

የሩፊን ልጅ ቴክላ ከአዳራሹ ምሰሶ አጠገብ ቆማ ታያለች። እሷም የማዕድኑ ሠራተኛ ናት፤ በማጠቢያው ክፍል ከሰሉን ከድንጋይ ትለያለች። እንደ ሌሎቹ ጥቁሩን የክብር ልብስ ለብሳ የመጣችው ለመሰናበት ብቻ ነው። ጉድጓዱ ሊዘጋ ነው። ቆፋሪዎች ከመውረዳቸው በፊት የሚሰበሰቡበት ይህ አዳራሽም ይዘጋል፤ ባርባራም በበዓሏ ቀን ለዘለቄታው ወደ ሰበካው ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ ነው። ቴክላ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሸኝታ ወደ ቤቷ ልትመለስ አስባለች።

"ባለ ጎማ ጋሪ ላስመጣላችሁ?" አለ የማዕድኑ መሐንዲስ። "በደንብ አድርገን እናስራታለን።"

"እንደ ፍሪጅ?" አሉ አሎይዝ። "ስንወርድ ስንወጣ ስትጠብቀን የኖረች ሴት እንደ ፍሪጅ ተጠፍራ ትሂድ?"

ሰው ሳቀ። መሐንዲሱም ሳቀ። ቴክላ ግን አልሳቀችም፤ አባቷ ቢኖር ይህ ሁሉ ባልተባለ ነበር።

ሩፊን ከዚህች ሐውልት ፊት በአንድ ጉልበቱ ሳይንበረከክ ወደ ጉድጓድ ወርዶ አያውቅም። ሲወጣም መጀመሪያ እሷን ያመሰግናል፣ ገላውን የሚታጠበው ከዚያ በኋላ ነው። የዓይኑን ጠርዝ ግን ሳሙና አያስለቅቀውም። ከሰሉ እንደ ኩል ተኝቶበት ወደ ቤት ሲገባ እናቷ ኦቲሊያ "ዛሬ ደግሞ ለማን ተኳልክ?" ትለዋለች። እሱም ሳይስቅ "ለቅድስት ባርባራ" ይላል። ከዚያ ቴክላን ይጠራና ከቦርሳው የተረፈች ዳቦ ያወጣል።

"እንኪ። እታች ጉድጓዱ ውስጥ ያለችው ጥንቸል ልካልሻለች።"

ደረቅ፣ ከሰል ከሰል የምትል ዳቦ ናት። ቴክላ ከዚያ ወዲህ የበላችው ኬክ ሁሉ አንዱም አላከላትም። ከመሬት በታች ጥንቸል እንደሌለ ስታውቅ እንኳ ዳቦው እንዳይቀርባት ብላ አልነገረችውም። እሱ ሳይጠግብ እንደሚያስቀርላት የገባት ልጅነቷ ካለፈ በኋላ ነው። አሁን እዚያው እንደቆመች አባቷ ናፈቃት።

አንድ ነገር ብቻ በመካከላቸው ቀርቷል። ከባሏ ስትለያይ ሰፈሩ አፉን ከፈተባት። በቅዳሴ መካከል ዞረው የሚያዩአት፣ የሚንሾካሾኩባት ሲበዙ ቤተ ክርስቲያን መሄዷን ተወች። አባቷ አልተቆጣትም፣ አልለመናትም፤ ዝም አለ። ቴክላ ዝምታውን ቅያሜ ነው ብላ ያዘችው፤ እንደተቀየማት ሞተ። በቀብሩ ቀን እንኳ ቅዳሴው እስኪያልቅ ከደጁ ዛፍ ሥር ቆማ ነው የጠበቀችው።

"ቴክላ" አሉ አሎይዝ። ዓይናቸው ከእሳቸው ትከሻ እኩል ከሆነው ትከሻዋ ላይ አልተነሣም። "እስኪ ነይ፣ ከአጠገቤ ቁሚ።"

"አጎቴ፣ ይተዉ እንጂ። እኔ ሴት ነኝ።"

"እሷስ ምንድን ናት?"

አሁንም ሰው ሳቀ። ቴክላ ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ያውቃሉ እኮ። እኔ እዚያ ውስጥ አልገባም።"

"ማን ግቢ አለሽ? እስከ በሩ ያዢልን። የቤተ ክርስቲያኑ ጠባቂ እንደኛ ድንክ ነው፣ እዚያ ይቀበልሻል።"

ወሳንሳው ሦስተኛ ጊዜ ተነሣ። ባርባራ ቀጥ አለች። መለከቱ ተነፋ፤ በረዶ በሸፈነው መንገድ ላይ ቀስ እያሉ ወጡ። እንጨቱ አጥንቷን ይቆረቁራት ጀመር። አባቷ በየዓመቱ በዚህ ቀን ማታ ትከሻውን በሙቅ ፎጣ ሲያሳሽ "ምንም አልከበደችኝም" ይል ነበር። ውሸቱን ነበር ለካ።

"ረገጥ ረገጥ አድርጊ" አሉ ከጎኗ የሚሄዱት አሎይዝ። "አባትሽም መጀመሪያ ሰሞን እንዳንቺ ይጣደፍ ነበር።"

"አጎቴ፣ ስለ እኔ የነገረዎት ነገር ነበር?"

"ሩፊን? እሱ መቼ ያወራል።" ጥቂት ከሄዱ በኋላ ግን ቀጠሉ። "ቤተ ክርስቲያን ከኋላው ነበር የምቀመጠው። አንቺ ከቀረሽ ወዲህ እሁድ እሁድ ባርኔጣውን አግዳሚው ላይ ከጎኑ ያስቀምጥ ነበር። በገና በዓል እንኳ፣ ያ ሁሉ ሰው ቆሞ እያለ። አንድ ቀን ቦታዬ ተይዞብኝ፣ ወገቤንም አሞኝ 'አንሣውና ልቀመጥበት' ስለው 'ቦታው ሰው አለው' አለኝ።"

"ማን?"

"ጅል አትሁኚ፣ ልጄ።"

የቴክላ እንባ በጉንጯ ወረደ፤ ሁለት እጇ ወሳንሳውን ስለያዘ የምታብስበት አልነበራትም። አሎይዝ አይተው እንዳላዩ ሆኑ። ያን ሁሉ ጊዜ ተቀይሞኛል ስትል እሱ ቦታ ይዞላት ኖሯል።

ቤተ ክርስቲያኑ ደረሱ። በግማሽ ከተከፈተው በር ውስጥ የሰፈሩ ሴቶች አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። አንዷ ወደ ጎረቤቷ ጆሮ ዘንበል አለች። እናቷ ኦቲሊያ ከመካከላቸው ቆማ፣ መቁጠሪያዋን እንደያዘች፣ ቴክላን ብቻ ታያለች።

ጠባቂው ደረጃውን ወርዶ ትከሻውን ከወሳንሳው ሥር አስገባ። "በይ ልቀበልሽ፣ ደክሞሻል።"

"አልደከመኝም" አለችው ቴክላ። "አንተ ግባና የበሩን ሁለተኛ መዝጊያም ክፈትልን።"