ፏፏቴው ተራ የሚጠብቅበት መንደር

ኦቶሪኖ ማለዳ ተነስቶ ወደ ፏፏቴው ቢወርድ ፏፏቴ የለም። ገደሉ አለ፣ ጥቁሩ ድንጋይ አለ፣ «ተጠንቀቁ፣ ያዳልጣል» የሚለው ሰሌዳም አለ፤ ውሃው ግን የለም።

«ወይ ጉዴ!» አለ። ቀኑ ሐሙስ መሆኑ ትዝ ሲለው ደግሞ ግንባሩን በመዳፉ መታ።

ሞልቬጎ ውስጥ ወንዙ የሁሉም ነው፤ የሁሉም ስለሆነም በተራ ነው። ሐሙስ የኤርሲሊያ ተራ ነው። ላይ መስኳ ዳር ያለውን ሳንቃ ዝቅ ስታደርገው ውሃው በቦይ ወደ ሣሯ ይዞራል፤ ታች ያለው ፏፏቴ ደርቆ ይውላል። ይህን የመንደሩ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። የመስህብ ኮሚቴው ሊቀመንበር ኦቶሪኖ ግን፣ ያ ሁሉ ሽበት እያለው፣ መንደሩን ልታይ የምትመጣውን ዳኛ ለሐሙስ ቀጠራት። እንግዲህ ምን ይባላል!

ዳኛዋ የምትመጣው «ውብ መንደር» የሚለውን ሰሌዳ ለመስጠት ወይም ለመንሳት ነበር። ሰሌዳው ከቀረ የሐይቁ መርከብ ከፀደይ ጀምሮ ሞልቬጎ ላይ አይቆምም ተብሏል። መርከቡ ካልቆመ ደግሞ የሴት ልጁ የፊዮሬንዛ ቡና ቤት መዘጋቱ ነው፤ እሷም ቤርጋሞ ከተማ ያገኘችውን ሥራ ብላ መሄዷ ነው። ኦቶሪኖ ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ያለችው እሷ ብቻ ናት። አፉ ስለ ፏፏቴ ያወራል እንጂ ልቡ ያለው ልጁ ጋ ነው።

ስለዚህ ኤርሲሊያን ከመለመን ሌላ መላ አልነበረውም። ኤርሲሊያ የሟች ሚስቱ እህት ናት፤ ዋርሳው። ካኮረፈችው ግን ቆይታለች። የመንደሩን የመስህብ ካርታ ሲያሠራ «ድቡ የተቀመጠበት ድንጋይ» ብሎ አስገባ፣ «የሮማውያን ድልድይ» ብሎ አስገባ፤ እሷ ደጃፍ ያለውን የድንጋይ ወንበር ግን ዘለለው። ሐይቁ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚታየው እኮ ከዚያ ወንበር ላይ ብቻ ነው!

ዳገቱን እያለከለከ ወጥቶ በሯ ላይ ደረሰ።

«ደህና አደርሽ፣ ኤርሲሊያ?»

«ጎብኚ ከሆንክ ተሳስተሃል፤ እዚህ የሚታይ ነገር የለም» አለች ማጭዷን እየሳለች። «ካርታው ላይ አልገባንም።»

«ተይ እንጂ፣ በእህትሽ ይዤሻለሁ።»

«እህቴን ተዋት። አንተን ችላ የኖረች ቅድስት ናት።»

«ለዛሬ ብቻ ሳንቃውን አንሺልኝ። ዳኛዋ ልትመጣ ነው።»

«ሣሬስ? ሣሬ ዳኛዋን ይጠጣት?»

ኦቶሪኖ ኮፍያውን አወለቀ። «ፊዮሬንዛ ልትሄድብኝ ነው» አለ፤ ድምፁ ተሰበረ።

ኤርሲሊያ መሳሉን አቆመች። ፊዮሬንዛን ክርስትና ያነሳቻት እሷ ናት። «እሱን አስቀድመህ አትናገርም፣ አንተ ግትር! ወንበሬ ካርታው ላይ ይገባል?»

«ይገባል።»

«ከነስሜ?»

«ከነስምሽ።»

«ከድቡ በላይ?»

የድቡን ታሪክ የፈጠረው ኦቶሪኖ ራሱ ነው፤ እንደ ልጁ ነበር የሚሳሳለት። «እሺ፣ ከድቡ በላይ።»

«እንግዲያው የቀትር ደወል ሲደወል እከፍታለሁ።»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። የሞልቬጎ ደወል እያንዳንዱን ሰዓት ሁለት ጊዜ ነው የሚደውለው፤ አንዴ ከደወለ በኋላ ትንሽ ቆይቶ፣ መጀመሪያ ላልሰማ ሰው፣ ይደግመዋል። ታች ሐይቁ ዳር ያለ ሰው በሁለተኛው ነው ለምሳ የሚቀመጠው። ላይ መስክ ላይ ያለ ሰው ግን ላሞቹ ስለማይታገሡት በመጀመሪያው ይነሳል። ሁለቱም ሰፈር እንዲህ ሲኖር አንዱ ሌላውን ጠይቆት አያውቅም።

ዳኛዋ፣ ወይዘሮ ካሲልዳ፣ ነጭ ጫማ አድርጋ ከመርከብ ወረደች። ኦቶሪኖ መጀመሪያ ወደ መንደሩ ማማ ወሰዳት።

«ከዚህ ላይ ሐይቁ በሙሉ ይታያል።»

«የቱ ጋ?»

«ጉሙ ሲገልጥ።»

ድልድዩ ላይ ሲደርሱ ድንጋዩ ላይ የተቀረጸውን ዓመተ ምሕረት በጀርባው ሸፍኖ ቆመና «ሮማውያን ናቸው የሠሩት» አለ። እሷ ወደ ግራ ስትል እሱም ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ስትል እሱም ወደ ቀኝ። በመጨረሻ ፏፏቴው ጋ ደረሱ።

«ፏፏቴው የታለ?»

«ይመጣል።»

«ይመጣል?»

«ቀጠሮ አለው፣ እመቤቴ።»

ይህን ሲል ዓይኑ ገደሉ ሥር የተጣለ የፕላስቲክ ጠርሙስ ላይ አረፈ። ዳኛ ፊት እንዲህ ያለ ቅሌት! ዘሎ ደረቁ ጉድጓድ ውስጥ ገባና ሊያነሳው ጎንበስ አለ። ያኔ ደወሉ ደወለ። ገና የመጀመሪያው ነው ብሎ አልደነገጠም። እንዲያውም «ትንሽ ይጠብቁኝ» ብሎ ጠርሙሱን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ አሳያት።

ከላይ ጉርምርምታ ተሰማ። ጠዋቱን ሙሉ ሳንቃው ጀርባ ሲጠራቀም የዋለው ውሃ መጣና አናቱ ላይ ተከነበለበት። ኮፍያው ሄደ፣ መነጽሩ ሄደ፣ የዳኛዋም ነጭ ጫማ በጭቃ ታጠበ። ኦቶሪኖ ጠርሙሱን እንዳቀፈ ከኩሬው ብቅ አለና ውሃ እየተፋ፣ «እንግዲህ፣ እመቤቴ፣ ፏፏቴያችን ይህ ነው» አለ።

ወይዘሮ ካሲልዳ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ፊዮሬንዛ ቡና ቤት ምድጃ ዳር ጫማዋን አድርቃ የበቆሎ ገንፎ በአይብ እየበላችም ሳቋ ገና አልበረደላትም። «በሰዓቱ የሚመጣ ፏፏቴ በዚህ አገር አይቼ አላውቅም» አለች።

ሰሌዳው መጣ፤ መርከቡም እንደሚቆም ተነገረ። በማግሥቱ ኦቶሪኖ ወደ ቡና ቤቱ ቢመጣ ፊዮሬንዛ ሻንጣ ስታስር አገኛት።

«ምነው ልጄ? መርከቡ ሊቆምልን ነው እኮ!»

«ለዚህ አይደል የምሄደው፣ አባዬ። መርከቡ ቢቀርማ በበረዶው ወራት መንገዱ ሲዘጋ አንተን ብቻህን ጥዬ እንዴት እሄዳለሁ? ሥራውን እንቢ ልል ነበር። አሁንማ ተመስገን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ።»

«ቡና ቤቱንስ ማን ይይዘዋል?»

«ክርስትና እናቴ።»

«ኤርሲሊያ? በየቀኑ እዚህ ልትቀመጥ ነው? ወይኔ፣ አለቀልኝ!»

ሻንጣውን ግን ለማንም አልሰጠም፤ ራሱ ተሸክሞ እስከ መርከቡ ድረስ ወሰደላት። የመርከቡን ገመድ የሚይዘውን ሰውዬ ክንዱን ያዝ አደረገውና፣

«ስማ፣ ቅዳሜስ ይቆማል አይደል?» አለው።

«ይቆማል እንጂ! ሰሌዳውን እኮ ያመጣኸው አንተ ነህ።»

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለ ኦቶሪኖ፤ ከዚያም ሰው ሁሉ እያየው አለቀሰ።